አንድ ፍቺ ያለው ቃል

ባሌ አለበል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማንም አገር ያልሆነ ቋንቋ ሲናገር ኖሮ፣ ልጃችን ከሞተች ወዲህ በዚያ ቋንቋ አንድ ቃል አልወጣውም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ ኀዘን ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ቂም መስሎኝ ነበር፤ በእኔ የተያዘ ቂም። ልጃችን እስከዳር በመጨረሻዋ ሁለት ቀን የተናገረችው በዚያ ቋንቋ ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ አልገባኝም። እሱ ይገባው ነበር፤ እዚያ ግን አልነበረም። ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ ዓመት ከአምስት ወር ኖርኩ። ያወቅሁት ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስላወቅሁ ነው።

አለበል የጂኦግራፊ መምህር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ መሬት መሬት የሚያይ ሰው። ልጅ ሳለ ደብረ ኤልያስ፣ አባቱ ቤት፣ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዜና ሲፈልግ ከቻይና የሚተላለፍ ጣቢያ ላይ ወደቀ። ጣሊያንኛ መሰለው። ለካ ኤስፔራንቶ ኖሯል። አንድ የፖላንድ የዓይን ሐኪም፣ የዓለም ሰው ሁሉ የራሱን ሳይጥል በሁለተኛነት ይነጋገርበት ብሎ፣ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ቁጭ ብሎ የሠራው ቋንቋ። አለበል ለጣቢያው ደብዳቤ ጻፈ፤ መማሪያ መጽሐፍ ላኩለት። በስድስት ወር አወቀው። ከዚያ በኋላ ከቡልጋሪያ፣ ከጃፓን፣ ከቶጎ ደብዳቤ ይመጣለት ጀመር። ቴምብሩን ሳይቀድ በጥንቃቄ እየላጠ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጥ ነበር።

«አሥራ ስድስት ሕግ ብቻ ነው ዘሪቱ! አንድም ከሕጉ የሚያፈነግጥ የለ!» ይለኝ ነበር፤ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው።

እኔ የዲማ ልጅ ነኝ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሥራዬም አማርኛ ማስተማር ነው። ሰው ሲናገር ሰሙን ትቼ ወርቁን ስፈልግ ነው ያደግሁት። ደኅና አደርሽ የሚለኝ ሰው እንኳ ምን ሊለኝ ፈልጎ ነው ብዬ ሁለቴ አስባለሁ። ከአለበል ጋር መጀመሪያ የተጣላነውም በዚሁ ጠባዬ ነው። ሁለታችንም አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ሳለ በተማሪ እጅ ደብዳቤ ላከልኝ። ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር «ካራ ዘሪቱ» ይላል። ሁለተኛውን መስመር ሳላነብ ደብዳቤውን ይዤ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

«ይኸውልዎ፣ ገና ሰላም ሳይለኝ ካራ መዘዘብኝ!» አልኩ።

አለበል ተጠርቶ መጣ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። «ካራ» በዚያ ቋንቋ «ውድ» ማለት እንደሆነ፣ ደብዳቤም የሚጀመረው በዚያ እንደሆነ አስረዳ። ርእሰ መምህሩ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህራኑ «ባለ ካራው» አሉት፤ እኔም ለስሙ አዝኜለት ይሁን አላውቅም፣ በዓመቱ አገባሁት።

ከተጋባንም በኋላ ክርክሩ አልቆመም። «በዚህ ቋንቋ አንድ ቃል አንድ ፍቺ ነው ያለው። ሰው ከሰው በቃል አይጣላም» ይለኛል። «ድኻ ነዋ ቋንቋው!» እለዋለሁ። «የእኛ 'ፍቺ' ራሱ ሁለት ፍቺ አለው። ካላረፍክ ሁለተኛውን በፍርድ ቤት አሳይሃለሁ።» የነገርን ተቃራኒ ለመፍጠር በፊቱ «ማል» ማለት ብቻ ይበቃል ብሎ ሊያስተምረኝ ሲሞክር ደግሞ፣ «እኔ ምን ቆርጦኝ እምላለሁ!» ብዬ ተነሣሁ። እሱ ይስቃል። ስቆ ዝም ማለት የሚችል ሰው ነበር፤ እኔ አልችልም።

ኮቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ኮከብ ይሰካ ነበር፤ የኤስፔራንቶ ሰዎች መተዋወቂያ ነው። የቀበሌ ሹም በተለወጠ ቁጥር ያስጠሩታል። «ይህ ኮከብ የየትኛው ድርጅት ነው?» «የማንም።» «የማንም ያልሆነ ኮከብ አለ?» «የሰማይ ኮከብስ የማን ነው?» ብሎ መለሰላቸው አንድ ጊዜ። እንዲህ ያለ መልስ ከእኔ ሲጠበቅ ከእሱ ወጣ። ለሁለት ቀን አስቀመጡት።

ትምህርት ቤት ክበብ አቋቁሞም ነበር። አሥራ አንድ ልጆች ተመዘገቡ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይህን የሚናገሩት አገር ቪዛ ይሰጣል?» አለው። አገር የለውም ሲላቸው አራት ብቻ ቀሩ። እስከ ፋሲካ ክበቡ አለበልና ጠመኔው ብቻ ሆነ። ቤት መጥቶ ምሳውን ሳይበላ ተኛ። እኔም አላጽናናሁትም፤ «ብዬህ ነበር» አልኩት። አሁን ሳስበው ያቺ ቃሌ ታሳፍረኛለች።

ከዚያ እስከዳር መጣች። ከተጋባን በዘጠነኛው ዓመት፣ ያልተሳልንበት ታቦት እስኪጠፋ። ክርስትና ስሟ ወለተ ሐዋርያት ነው። አለበል ከተወለደች ቀን ጀምሮ በአማርኛ አላናገራትም። በዓለም ላይ እንደሱ ልጆቻቸውን በዚያ ቋንቋ ያሳደጉ ቤተሰቦች እንዳሉ በደብዳቤ ነግረውት ነበርና፣ እሱም በጎጃም የመጀመሪያው ሊሆን ነው። ልጂቱ አፏን በሁለቱም ፈታች። ወደ እኔ ስትዞር አማርኛ፣ ወደ እሱ ስትዞር ያንን፤ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። እሱን «ፓችዮ» ትለዋለች፤ አባዬ ማለት ነው።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለጎረቤት አሳያት ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆናት ግን አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሁለቱ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ወጥ አወጣለሁ።

«ምን ያስቃችኋል?»

«በሩ ላይ የቆመችው ዶሮ ኮፍያ አድርጋ ገበያ የምትሄድ ትመስላለች ብላ ነው» አለኝ አለበል።

ዶሮዋን አየኋት። አላሳቀችኝም። ተተርጉሞ የመጣ ሳቅ ቀዝቅዞ እንደመጣ ወጥ ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማዕዴ፣ እንግዳ የሆንኩት እኔ ነኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባለሁበት በአማርኛ!» አልኩ። «የወፍ ቋንቋችሁን ውጭ!»

እስከዳር አባቷን አየችው። እሱ ራሱን ነቅንቆ እሺ አላት። ከዚያ ወዲያ በእኔ ፊት አልተናገሩትም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በእግር ዞር ዞር ይላሉ፤ እዚያ ያወራሉ። ስገባ ዝም ይላሉ። ትእዛዜን አክብረው ነው ዝም የሚሉት፤ እኔ ግን ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። እውነትም ስለ እኔ ነበር የሚያወሩት።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የአክስቴ ተዝካር ነበርና እስከዳርን ይዤ ወደ ዲማ አቅጣጫ፣ ወደ ትውልድ ቀዬ ሄድኩ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አለበል የፈተና ወረቀት ይዞት ቀረ። እኛ በሄድን በማግስቱ መንገድ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ያን ዓመት የነበረ ሰው ይህን እንዳብራራለት አይጠይቀኝም።

በሦስተኛው ቀን «እራሴን» አለች። ምች ነው ተባለ፤ ዳማ ከሴ አሽተን አጠጣናት፣ ፊቷንም አሸንላት። ሲነጋ ሰውነቷ እሳት ሆነ። ብርሃን ጠላች፤ ነጠላ በዓይኗ ላይ ጣልኩላት። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አማርኛዋ ጠፋ።

ያረፍነው ወለተ ሥላሴ ዘንድ ነው፤ የሟች አክስቴ ልጅ ናት። በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት።

«ዘሪቱዬ፣ ይቺ ልጅ በማን አፍ ነው የምትናገር?»

«የአባቷ ቋንቋ ነው።»

«አለበል የደብረ ኤልያስ ሰው አይደል እንዴ?»

«የተማረው ቋንቋ ነው።»

«የየት አገር?»

«የማንም አገር አይደለም፤ ሰው የፈጠረው ነው።»

ወለተ ሥላሴ አማተበች። «ወግጅልኝ! ባለቤት የሌለው ቤት ውስጥ ማን ይገባል?» አለች።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በእሷ ላይ ማላከክ እችላለሁ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ግን ዲፕሎማ ያለኝ መምህርት ነኝ። ቋንቋው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ «ካራ» ካራ እንዳልሆነ እንኳ ርእሰ መምህር ፊት ቆሜ ተምሬያለሁ። ግን ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፤ በሆዴም የሰባት ዓመት ቅናት ነበር። ያ ቋንቋ ልጄን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲወስድብኝ ቆይቶ አሁን ጠቅልሎ ሊወስዳት የመጣ መሰለኝ። ጤና ጣቢያው በቃሬዛ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ጸበሉ ቁልቁል ሃያ ደቂቃ። በማግስቱ ጠዋት ጸበሉን መረጥኩ።

አጥማቂው ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ገና ሲያዩዋት «ልጄ፣ ሐኪም አይቷታል ወይ?» አሉኝ። «ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም።»

«አይቷታል አባቴ» አልኩ። ዋሸሁ። ወደዚያ አራት ሰዓት እንዳይሰዱኝ ፈርቼ ዋሸሁ።

ውኃው ፈሰሰባት። ተንቀጠቀጠች። መነኩሴው መስቀሉን በግንባሯ ላይ አድርገው ስሟን ጠየቁኝ፤ ወለተ ሐዋርያት አልኳቸው። ከዚያ በላይዋ ላይ ያለውን ጠየቁ፤ «ስምህ ማን ነው? ተናገር!»

እስከዳር ፊቷን ከመስቀሉ አዙራ እኔን አየችኝ። አንገቷ ደርቆ ነበር፤ መላ ሰውነቷን ነው ያዞረችው።

«ፓንዮ» አለች።

ያንን ቃል ሰምቼው አላውቅም። ሰዉ ጮኸ። «ፓንዮ ነኝ አለ! ስሙን ተናገረ!» እልልታው ቀለጠ። እሷ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። «ፓንዮ» አለች ደግማ። «ፓንዮ፣ ኔ ፎሪሩ።»

«ምን ይላል?» አሉ ከኋላ።

«አልወጣም ነው እንጂ ሌላ ምን ይላል!» አለች ወለተ ሥላሴ።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ማንም አላዘዘኝም። ልጄ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ጣቴን ወደ ዓይኗ ቀስሬ፣ በመምህርት ድምፄ፣ ስድሳ ልጅ ዝም በሚያሰኘው ድምፄ ጮኽኩ። «ፓንዮ! ልጄን ልቀቅ! ውጣ! ከፊቴ ጥፋ፣ ሁለተኛ አልይህ!»

አለቀሰች። ጋኔን ሲቃጠል ያለቅሳል አሉኝ። ቃሉን ደጋግማ ጠራችው፤ እኔም በጠራችው ቁጥር አባረርኩት። እስኪመሽ እንዲህ ዋልን። በኋላ ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀስ። እኔም አሸነፍኩ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ሲነጋ መነኩሴው መጥተው አንገቷን ዳሰሱ። ፊታቸው ተለወጠ። «ይህስ ሕመም ነው፤ አሁኑኑ ተሸከሟት!» ብለው ራሳቸው ቃሬዛውን በአንድ ወገን ያዙ። በመንገዱ ካለው ወንዝ ሳንደርስ አረፈች። በኋላ ሁኔታዋን የነገርኩት የጤና ባለሙያ ማጅራት ገትር ነው አለኝ። በጊዜ ቢደረስባት ትድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን ከፊቱ አነበብኩት።

አለበል የደረሰው ቀብረናት በሦስተኛው ቀን ነው። ወሬውን ከአንድ ነጋዴ ሰምቶ፣ መንገዱን ግማሹን በእግሩ መጥቶ። ጫማው ተቀዶ ነበር። አላለቀሰም። መደቡ ላይ ተቀመጠና መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን አለች?» ብሎ ነው።

ነገርኩት። ጋኔኑ ስሙን እንደተናገረ፣ ፓንዮ እንደሚባል፣ አልወጣም እንዳለ፣ እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየጠራሁ እንዳባረርኩት። እንዲያውም ሳይኮራብኝ አይቀርም ብዬ ነበር፤ ለልጄ ተዋግቻለሁ ብዬ። «ፓንዮ፣ ኔ ፎሪሩ» የሚለውንም እንዳለችው አድርጌ ደገምኩለት።

አለበል ተነሣ። በጓሮ በኩል ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘ፤ በሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም።

«ትርጉም የለውም ዘሪቱ» አለኝ። «የትኩሳት ነው። ዝም ብሎ ድምፅ ነው።»

ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ኮከቡን ከኮቱ ነቀለ። ሬዲዮውን ለጎረቤት ሰጠ። የፖስታ ሣጥን ቁልፉን መለሰ። ማለዳ ሲላጭ በዚያ ቋንቋ ያንጎራጉር ነበር፤ ያም ቀረ። አማርኛውም አነሰ፤ «ውኃ አለ?»፣ «በሩን ቆልፈሻል?» ብቻ። ለምን ሐኪም ቤት አልወሰድሽም ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ፣ ቢጮኽብኝ፣ ቢመታኝ እመርጥ ነበር። ቂሙን በሆዱ ይዞ እያቃጠለኝ ነው እያልኩ እኔም ኮስተርኩ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን ለቅሶ ተቀመጥን።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና የእስከዳር ክፍል ጣሪያ አፈሰሰ። ከሞተች ጀምሮ አልጋዋን ያነቃነቀ የለም። እንዳይርስ ብዬ ስገፋው ከፍራሹ ሥር ደብተር ወደቀ። ልባሱ ላይ በጽሕፈቷ፣ «ትምህርት ለእማዬ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «ለፋሲካ የምሰጣት። ፓችዮ እንዳይነግራት አስምዬዋለሁ።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ገለጥኩት።

«ትምህርት አንድ። እማዬ፣ እባክሽ አትቆጪ። ይህ ቋንቋ የእኔና የፓችዮ ብቻ እንዲሆን አልፈልግም። የመጀመሪያው ቃል ያንቺ ነው። ፓንዮ፤ እማዬ ማለት ነው። እኛ ብቻችንን ስንሆን ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምንልሽ። ሁለተኛ ፍቺ የለውም፤ አትፈልጊ።»

ጣሪያው ያፈሳል፤ እኔ አልሰማውም። ልጄ እኔን ነበር የምትጠራው። በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ እማዬ ስትለኝ፣ ውጪ፣ ጥፊ፣ ሁለተኛ አልይሽ እያልኩ ራሴን ከፊቷ አባረርኩ። አንድ ፍቺ ብቻ ያለውን ቃል ይዤ ሁለተኛ ፍቺ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የቅኔ መምህር ልጅ። ገጹን እየገለጥኩ ሌላውን ፈለግሁ። ትምህርት ሰባት ላይ አገኘሁት። «ኔ ፎሪሩ፤ አትሂጂ።» ደብተሩ ትምህርት አሥራ አንድ ላይ ያበቃል።

የአለበልም ዝምታ ያኔ ገባኝ። ቂም አልነበረም። ያንን ቃል እኔ እንዳልሰማ ብሎ ሙሉውን ቋንቋ ከአፉ ጣለ። ሠላሳ ዓመት የወደደውን ነገር፣ ከዚያች ከአንዲት ቃል ሊጋርደኝ ብሎ።

መጀመሪያ ልደብቀው አሰብኩ። ሆድ ይፍጀው፣ እሱም እንደማላውቅ ይመን፣ ድካሙ በከንቱ አይቅር ብዬ። በማግስቱ ምሳ አቀረብኩ። ሁለት ጉርሻ በላን። አልቻልኩም።

«አለበል።»

«እ?»

«'እዚህ ነኝ' በዚያ ቋንቋ እንዴት ይባላል?»

የያዘው እንጀራ ከእጁ ወደቀ። ቀና ብሎ ሲያየኝ እንደዚያ ያረጀ አይመስለኝም ነበር።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ» አልኩና ደብተሩን በማዕዱ ላይ አደረግሁለት።

የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። ከዚያ አለቀሰ። ዲማ ያላለቀሰውን፣ በሙት ዓመቷ ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ። «ቋንቋውን ብናገር ቃሉ ያመልጠኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አለኝ። «አንቺን ምን ላድርግሽ ዘሪቱ፣ አንቺን ምን ላድርግሽ?» እኔም፣ «የጠየቅሁህን መልስልኝ» አልኩት፤ ጥሩ ነገር እንኳ በቁጣ ነው ከአፌ የሚወጣው።

አፉን ጠረገ። «ሚ ኤስታስ ቺ ቲዬ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሚ ኤስታስ ቺ ቴ።»

«ቲዬ።»

«ቺ ቲዬ።»

ሦስት ጊዜ አረመኝ። በአራተኛው «አሁን ልክ ነው» አለኝ፤ እኔም ተነሥቼ ክፍሏ በር ላይ ቆሜ ጮኽ ብዬ አልኩት። ልጄ የጠራችኝ በየካቲት ነበር፤ እኔ አቤት ያልኳት በሌላው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው።